ሙሉ ነኝ ያለው ባትሪ

አባባ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲወርዱ በድን ነበሩ፤ መኪናው ግን ምንም አልሆነም። ሞተሩ ሳያንገራግር ይሠራል፣ ከራስጌያቸው የተቀመጠው የኦክስጅን ማሽንም እፍ እፍ እያለ ለማይተነፍስ ሰው አየር ይልካል። ዕቃው ሁሉ ደህና ሆኖ ሰው ብቻ ሲሞት፣ ዓይን የሚዞረው ወደ ሰው ነው። ያን ዕለት መኪናውን የነዳው አማችየው ነበር። ዓይኑ ሁሉ እሱ ላይ ዐረፈ፣ ከዓይን አልፎም እጁ ላይ ካቴና ገባ።

ሟቹ ከተቀበሩ በኋላ ሴት ልጃቸው ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች መርማሪዋ ቢሮ መጣች። መርማሪዋ ፀጉሯ ገብስማ የሆነ፣ ሰው ሲያወራ ዓይኗን ጨፍና የምታዳምጥ ሴት ናት፤ የማያውቃት ሰው ያንቀላፋች ይመስለዋል። ልጅቷ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወራቷ ገብቷል። ወንበር ሲሰጣት አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ክሱ ሊመሠረት ነው አሉኝ» አለች። «አባቴን ቀበርኩ። ባሌን ደግሞ በቁሙ ልቀብረው ነው። ይኼ ልጅ ሲወለድ ማንን አባባ እንዲል ነው?»

መርማሪዋ አረጋግታ አስቀመጠቻትና ነገሩን ከሥሩ አስነገረቻት።

አባባ ሳንባቸው የደከመ ሰው ነበሩ፤ ያለ ማሽኑ ብዙ አይቆዩም። ሆስፒታሉ ደግሞ ሩቅ ነው። ስለዚህ ታላቅ ወንድሟ፣ የቤቱ ታላቁ ልጅ፣ ዕቃ በሚያመላልስበት መኪና ኮፈን ሥር ሁለተኛ ባትሪ ተገጠመ። የመጀመሪያው ሞተሩን ያስነሳል፤ ሁለተኛው ለማሽኑ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል። ሞተሩ ሲጠፋ በመካከላቸው ያለው ሪሌ የሚሉት ማለያያ ይነጥላቸዋል፣ አንዱ የሌላውን ኃይል እንዳይመጥበት። ቤተሰቡም የራሱ ደንብ ነበረው፤ አባባ ከተሳፈሩ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል። የጭስ ሽታ ትንሽ እንኳ ከገባባቸው በሳል ይታፈናሉና። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሁለተኛው ባትሪ ማሽኑን ለረጅም ሰዓት ሲያሠራው ኖሯል።

የዚያን ዕለት መንገድ ላይ ናዳ ወርዶ ሰልፍ ገጠማቸው። አማችየው ሞተሩን አጠፋ። አባባ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል። እሱ በሽተኛ ይዣለሁ፣ አሳልፉኝ ብሎ ሊለምን ወደ ሰልፉ ራስ ሄደ፤ እሷ ውኃ ልትፈልግ ወረደች። አፈር የሚጠርገው ዶዘር ጩኸቱ ሌላ አያሰማም። እሷ ስትመለስ ማሽኑ ዝም ብሏል። የማሽኑን ማብሪያ ደጋግማ ብትጫነው እምቢ አላት። ባሏ ሮጦ መጥቶ ሞተሩን ቢያስነሳው ማሽኑ ነፍስ ዘራ። አባባ ግን አልዘሩም።

ፖሊስ የመኪና ኤሌክትሪሻን አስጠርቶ ባትሪውን አስለክቶ ነበር። ሙሉ ነው አለ። ማሽኑ ደህና፣ ባትሪው ሙሉ ከሆነ፣ ያጠፋው የሰው እጅ ነው ተባለ። ለዚያውም ጎረቤት ሁሉ አማችየው አንድ ቀን ከቤት እየወጣ የተናገረውን ሰምቷል፦ «እስኪ ያለ እኔ ይተንፍስ!»

መርማሪዋ እስር ቤት ሄዳ ስትጠይቀው አልካደም።

«ብያለሁ» አለ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። «ተሳፋሪው ይሉኝ ነበር። በሰው ቤት ተሳፍሮ የሚኖር ለማለት ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ፣ 'ተሳፋሪያችንን ተዋወቁት' ብለው ያስቁብኛል።»

«ታዲያ ጠላሃቸው?»

«ሆስፒታሉ ሊፍቱ ሲበላሽ እኮ ደረጃውን አዝያቸው የምወጣው እኔ ነኝ። ጀርባዬ ላይ ሆነውም ይሰድቡኛል።» ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ መጥቶ ጠፋ። «ለምጄው ነበር።»

ያን ጠዋት ለሥራ ከከረመበት ከተማ በአውቶቡስ ገብቶ፣ ሻንጣውን በር ላይ ጥሎ ነበር መሪ የጨበጠው። ቀጠሮው ለሌላ ቀን ነበር፤ አባባ ድንገት ስለባሰባቸው ነው ጉዞው የተፋጠነው። መርማሪዋ ዓይኗን ጨፈነችና መኪናው እንዴት እንደተነሳለት ጠየቀችው።

«ቁልፉን ነካ ሳደርገው ተነሳ።»

«ሁልጊዜ እንዲያ ነው?»

ይሄን ጊዜ ቀና አለ። ኧረ አይደለም፣ አለ። እሱ ከመሄዱ በፊት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲያቃስት ነበር የሚያረፍደው፤ ሰው ካልገፋው አይነሳም። አሁን ሲያስበው ገረመው። የት ቆሞ እንዳገኘው ስትጠይቀው ደግሞ፣ ግቢ ውስጥ፣ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ አላት።

ከዚያ ወደ ሰፈራቸው ወረደች። ከቤቱ በር ፊት ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። ከቦዩ ዳር ለጎማ ማገጃ የሚሆኑ ሁለት ድንጋዮች ተጥለዋል። ማዶ ሱቁ ውስጥ ልብስ የሚሰፋው ጎረቤት፣ ድንጋዮቹን አተኩራ ስታይ ጊዜ፣ ሳይጠየቅ ነገሩን አቀበላት። ታላቁ ልጅ መኪናውን ሁልጊዜ እዚህ ቁልቁለቱ ላይ ያቆማል፤ ጠዋት ድንጋዩን አንስቶ ይለቀዋል፣ ሲንደረደር ማርሽ አስገብቶ ያስነሳዋል። ያም እምቢ ሲል ሰፈሩ ተጠርቶ ይገፋል።

«ደመወዝ የሌለን የመኪናው ሠራተኞች ነበርን» አለ ሰፊው መርፌውን እያሾለከ። «መጨረሻ ላይ ግን፣ አባባ ሊያርፉ ሰሞን፣ አሰናበተን። ምን አስቀየምነው ብዬ ነበር።»

ታላቁ ልጅ ቤት ነበር። መርማሪዋን ሲያያት ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት፣ ሐዘንተኛ ፊቱን በነጠላው ጠረግ አደረገ። አማቹ ከመጀመሪያውም ለአባቱ ልብ እንዳልነበረው፣ ሕግ ግን የሚለውን ይበል እንጂ እሱ እንደማይፈርድበት ነገራት። ስለ መኪናው ስትጠይቀው፣ አሮጌ ስለሆነ ማስነሳት ያስቸግር እንደነበረ፣ ኋላ ግን ኤሌክትሪሻኑ ነካካ አድርጎለት እንደተሻለው መለሰ።

ኤሌክትሪሻኑ ዘንድ ሄዳ ይህን ስትነግረው ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። ሁለተኛውን ባትሪ ከገጠመ ወዲህ፣ ፖሊስ ለክተህ ንገረን ብሎ እስኪጠራው ድረስ፣ ያንን መኪና ዓይኑን አላየውም። የሞተር ባትሪው ስለደከመ በአዲስ ይቀየር ብሎ መክሮ ነበር፣ የሰማው የለም። ለአባባ የገጠመውን አዲስ ባትሪ በምን እንደሚለየው ስትጠይቀው፣ እሱ የሚገጥመውን ሁሉ ጎኑ ላይ በምስማር እንደሚጭርበት ነገራት።

«ስትለካው ጭረቱን አይተሃል?»

«ሙሉ ነው ወይ ነው ያሉኝ፤ ቦታው ላይ ያለውን ለካሁ» አለ፣ ግንባሩን እያሻሸ። «ጭረት እይ ያለኝ የለም።»

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራት። እሱን የጠየቀችው እናትየውን ነው፤ ብትተወው በወደደች። አሮጊቷ ጓዳ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የባላቸውን ሸሚዞች አንድ በአንድ ያጥፋሉ።

«እማማ፣ ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት መኪናውን ግቢ ያስገባው ማነው?»

«ልጄ ነዋ። በሩን የከፈትኩለትም እኔ ነኝ። 'ከእንግዲህ እዚህ ይደር' ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ውጭ ሲያድር እኮ እንቅልፍ የለኝም።» ቀና ብለው አዩዋት። «ለልጄ ባል የሚጠቅም ነገር ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ይጠቅመዋል» አለች መርማሪዋ፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መኪናው ኮፈኑ ተከፍቶ መሐል ቆሟል። እናትየው ወንበር ላይ፣ ነፍሰ ጡሯ ከጎናቸው፣ ታላቁ ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ኤሌክትሪሻኑ መለኪያውን ይዞ። አማችየው ከአንድ ፖሊስ ጋር በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሚስቱ ልትጠጋው ስትል ፖሊሱ በእጁ ከለከላት።

«ሁለተኛውን ባትሪ ለካልኝ» አለች መርማሪዋ።

ኤሌክትሪሻኑ ለካ። ሙሉ ነው፣ አለ እንደ ፊተኛው።

«አሁን ሞተሩ ሳይነሳ ማሽኑን አብራው። መለኪያውን ከባትሪው እንዳታነሳ።»

ማሽኑ እፍ ማለት ጀመረ። ልጅቷ ድምፁን ስትሰማ ፊቷን ሸፈነች። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ የመለኪያው ቁጥር መውረድ ያዘ፤ ቀስ እያለ አይደለም፣ ከገደል እንደተለቀቀ። ማሽኑ አንዴ ሳለና የድረሱልኝ ጩኸቱን አሰማ። በዚህ ጸጥ ባለ ግቢ ጆሮ ይበሳል፤ ከዶዘር አጠገብ ግን ማን ይሰማዋል? ብዙም ሳይቆይ ዝም አለ።

«አያችሁ» አለች መርማሪዋ፣ እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደደከማት ሰው። «ያረጀ ባትሪ ሥራ ካልሰጡት ሙሉ ነኝ ይላል። ሸክም ሲጭኑበት ነው የሚለይለት። ያን ዕለትም አማቻችሁ መኪናው ውስጥ ያለውን የባትሪ መለኪያ አይቶ ሙሉ ነው ብሎ ወጣ፣ መንገድ ላይ ከዳው። ኋላ እስከ ሆስፒታል ዲናሞው ሞላው፣ ፖሊስ ሲያስለካው እንደገና ሙሉ ነኝ አለ። ማሽኑን ያጠፋ እጅ የለም። ግን ለአባባ የተገጠመው ባትሪ አዲስ ነበር። አዲሱ የት ገባ?»

ኤሌክትሪሻኑ ጎንበስ ብሎ ከሁለተኛው ባትሪ ጎን አቧራውን ጠረገ። ምንም የለም። ወደ ሞተሩ ባትሪ ዞሮ ጠረገ፣ ጣቱ ላይ ጭረቱ መጣ።

«ቦታ ተለዋውጠዋል» አለ ቀስ ብሎ።

«አዲሱ ሞተር ሲያስነሳ፣ ደካማው ከሰው ሳንባ ጋር ቀረ» አለች። «ሞተሩ ያን ጠዋት በአንድ ንክኪ የተነሳው ለዚህ ነው። ታዲያ ማን ለዋወጣቸው? አንተ ኤሌክትሪሻኑ ብትሆን ኖሮ ስለ ጭረቱ ራስህ አትነግረኝም ነበር፤ ጥፋትህ ስትለካ ጭረቱን አለማየትህ ብቻ ነው። አማቻችሁ ከአውቶቡስ ወርዶ መሪ ነው የጨበጠው። ለዋዋጩ መኪናው ሳይገፋ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው ነው። የማይነሳ መኪና ያለው ሰው ቁልቁለቱን ትቶ፣ ሜዳ ላይ፣ አፍንጫውን ግድግዳ አስነክቶ አያቆምም። ካስገባው ለምን እንዳስገባው ያውቃል።»

እናትየው ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ወደ ልጃቸው፣ ከዚያ ወደ ገዛ እጃቸው፤ መዝጊያውን የሳበችው ያቺ እጅ ናት። ነገሩ ሲገባቸው አልጮኹም። ወንበሩ ላይ ትንሽ ዝቅ አሉ እንጂ።

ታላቁ ልጅ ግድግዳውን ተንተርሶ ቁጭ አለ።

ዕቃ የሚያስጭኑት ሰዎች አንድ ጠዋት ካረፈደ ሌላ መኪና እንደሚይዙ አስጠንቅቀውት ነበር። አባባ ሆስፒታል እስከሚሄዱ ብሎ ባትሪዎቹን እንደለዋወጠ ተናገረ፤ ቀጠሮው ሳይደርስ ሊመልሳቸው ነበር። ያን ጠዋት ሲወጡ በሩ ላይ ቆሞ አይቷቸዋል።

«አየኸን» አለች እህቱ። «እጅህን እያወዛወዝክ ሸኘኸን።»

«ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ዲናሞው ማሽኑን ያንቀሳቅሰዋል ብዬ ነው። ልናገር አልኩ፣ ሰው ሁሉ ተጣድፎ ነበር፣ በእሱም ፊት አፈርኩ…» ወደ አማቹ አገጩን አነሳ። «ሞተሩን እንደምታጠፉት ረሳሁት።»

«እንዴት ይረሳል?» አለች መርማሪዋ።

የነጠላውን ጫፍ ወደ ትከሻው መለሰ።

«አባባን አንድም ቀን ወስጃቸው አላውቅማ» አለ። «ሁልጊዜ ተሳፋሪው ነው የሚወስዳቸው።»

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነበር የሰማው። አማችየው ግን አልተቆጣም፤ ስሙ እንደተጠራ ሰው ቀና ብሎ ብቻ አየው። መርማሪዋ፣ ሰው ታስሮ ሳለ ለምን ዝም እንዳለ ስትጠይቀው ታላቁ ልጅ፣ «እማዬ እንዳትሰማ» አለ።

ፖሊሱ ካቴናውን ከአንዱ እጅ ፈትቶ ለሌላው አጠለቀ። እናትየው ልጃቸው በፊታቸው ሲያልፍ ኮሌታውን አስተካከሉለት።

ልጅቷ ባሏን ይዛ ቀረች። አሮጊቷ አማቻቸውን ጠሩት፤ ግባ፣ ታጠብ፣ አረፍ በል፣ ቤቱ ያንተ ነው፣ አሉት። እሱም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ቂም እንዳልያዘ፣ ግን እዚህ ቤት ማደር እንደማይሆንለት በለሆሳስ ነገራቸው። ልጅቷ እናቷንና ባሏን እያፈራረቀች አይታ አይታ፣ ሻንጣ ልታዘጋጅ ገባች። ልጁ ሲወለድ እናመጣዋለን አለች ስትወጣ። እናትየው እሺ አሏት፣ ማንም ግን ቀን አልቆረጠም።

ኤሌክትሪሻኑ ሽቦዎቹን ጠቅልሎ ሳይሰናበት ሄደ። መርማሪዋም ቦርሳዋን አንስታ ይቅርታ ልትጠይቅ ፈለገች፤ በየትኛው እንደምትጀምር ጠፋት።

«አንቺን አልቀየምሽም» አሉ አሮጊቷ ቀድመዋት። «ያንን ልጅ አወጣሽልኝ። ይኼኛውን ግን በገዛ አፌ ሰጠሁት።» ከዚያ ባዶውን ግቢ ዞር ብለው አዩት። «እስኪመሽ ድረስ ተቀመጪልኝ እስቲ። ብቻዬን መብራት አብርቼ አላውቅም።»

መርማሪዋ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች፣ ልጅቷ በተነሳችበት ወንበር ላይም ተቀመጠች። ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው፣ ገና ያልመሸውን ቀን ይጠብቁ ጀመር።