ቅጠሉን ያየው ሰው

እንግዳ ወልደሰንበት የሞተው ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ከሌዊስቪል ወደ ኤርፖርቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው መጋዘኑ ውስጥ፣ ከሚነግድባቸው የባሕር ዓሦች መካከል ነው። ሲገኝ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። የኋላ ጭንቅላቱ ገንዳውን የተሸከመውን የብረት ማዕዘን መትቷል። አጠገቡ ባለሁለት ደረጃ አጭር መሰላል ተጋድማለች፤ ቀኝ እጁ የዓሣ መረብ ይዟል። ወለሉ እንደወትሮው እርጥብ ነው።

ውባለም ይህን ሁሉ የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ፖሊስ ጣቢያ ኮሪደር ላይ ቆማ ከመርማሪ ዶሰን ነው። የተጠራችው ለማስተርጎም ነው። አዲስ አበባ ሳለች አሥራ አንድ ዓመት ወንጀል መርምራለች፤ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ካለው አፓርታማዋ ተነሥታ ፍርድ ቤትና ጣቢያ ስትመላለስ ግን ስለዚያ የጠየቃት ሰው የለም። እዚህ ሥራዋ ሌላው ያለውን ማድረስ ብቻ ነው። ከራሷ አንድ ሐሳብ ብትጨምር ፈቃዷን ልትነጠቅ ትችላለች።

«መጀመሪያ አዳልጦት የወደቀ መስሎን ነበር» አለ ዶሰን። «ሐኪሙ ግን ደረቱ ላይ በኃይል የተገፋበት ሰንበር አግኝቷል። ይህን ለማንም አልነገርንም። የመጋዘኑ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሚስቱ፣ የሚስቱ ወንድምና አንድ ሠራተኛ። የሠራተኛው ልብስ ላይ ደም አለ። ዛሬ አዲስ ነገር ካልመጣ እሱን እከሳለሁ።»

ሠራተኛው ሸምሱ የሚባል የከሚሴ ሰው ነው። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ስምንት ወሩ ነው፤ ሚስቱና የአራት ዓመት ሴት ልጁ የቪዛቸው ጉዳይ አልቆላቸው በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ጨብጧል።

«ጋሼ እንግዳን ያነሣኋቸው ይተነፍሳሉ ብዬ ነው» አለ። «ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ደሙ ያኔ ነው የነካኝ።»

«ከዚያ በፊት መቼ ነበር ያየሃቸው?» ዶሰን የጠየቀውን ውባለም በአማርኛ ታደርሳለች።

«ሦስት ሰዓት ላይ፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ማለቴ ነው። ከማኒላ የመጣ አንድ ሳጥን ከኤርፖርት ይዘን ገባን፣ ድሪፕ ጀመርን፣ እኔ ዴሊቨሪ ወጣሁ። ፎርትዎርዝ፣ ከዚያ ፕሌኖ። ስመለስ ሰባት ሆኗል።»

«ድሪፕ ምንድን ነው?»

ስለ ሥራው ሲጠየቅ የሸምሱ ትከሻ ትንሽ ወረድ አለ። «አዲስ ዓሣ ከፌስታሉ ወጥቶ በቀጥታ ገንዳ ውስጥ አይገባም። ውሃው ይለወጥበትና ይሞታል። ባልዲ ውስጥ ይደረግና የገንዳው ውሃ በቀጭን ጎማ ጠብ ጠብ ይልበታል። ባልዲው ክዳን አለው፤ ብርሃን ያስደነግጠዋል። ጋሼ ድፍን ሦስት ሰዓት ካልሞላ አይለቁትም። ሁለት ተኩል ላይ ጀመርን። ሶ፣ የሚለቁት አምስት ተኩል ላይ ነው።»

«ስትመለስ መብራቱስ?»

«በርቷል። የገረመኝ እሱ ነው። አዲስ ዓሣ በገባ ቀን እዚያ ክፍል መብራት አይበራም።»

«ሐሙስ ዕለት ተጯጩሃችኋል ተብሏል።»

«አዎ። ዓሦቹ ይሞቱ ነበር። ሦስት ሳምንት ደኅና ይሰነብቱና በቁማቸው ይሞታሉ። እኔ ያጎደልሁት ነገር መስሏቸው ተቆጡኝ። በነጋታው ጠዋት ግን፣ ‹የአንተ ጥፋት አይደለም፤ የሞቱትን የላክሁለት ላብራቶሪ ምክንያቱን ነግሮኛል› አሉኝ። ምክንያቱን ለእኔ አልነገሩኝም።»

ቀጥላ የሟች ሚስት ሐይማኖት ገባች። ሳትጠየቅ ጀመረች። «እሱ ነው። ከሱ ሌላ ማን አለ? ቤታችንን አምነን ሰጠነው።»

«መጋዘኑ ውስጥ ገብተው ነበር?»

«ማን አስገብቶኝ? ሸምሱ ኮል ሲያደርግልኝ በርሬ መጣሁ፤ ፖሊስ ቀድሞኝ በሩን ዘግቷል። ወንድሜም ሲመጣ ፓርኪንጉ ላይ እኔው ጋ ነው የቆመው። መረብ ይዞ፣ መሰላል ሥር ወድቆ ተገኘ አሉን። ሸምሱ ነው ያወራልን።»

«ባለቤትዎ ዓርብ ዕለት የሚያገኙት ሰው ነበር?»

ውባለም ጥያቄውን በአማርኛ አደረሰች። የሐይማኖት ዓይን ወደ በሩ ሄደ። ከበሩ ውጭ ወንድሟ ተራውን እየጠበቀ ነው።

«አልነገረኝም» አለች።

ወንድሟ ነቢዩ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የረጋ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ከውባለም ባያንስም፣ «ሐዘን ላይ ስለሆንኩ በቋንቋዬ ልናገር» ብሏል። ቴፑ ይዞራል።

«እኔ ከዓሣው ጋር ንክኪ የለኝም» አለ። «ፕሌኖ ኦፊሴ ቁጭ ብዬ የውጭ ሻጮቹን ዝርዝር አያለሁ፣ በፋክስ አዛለሁ። የሚያበላው፣ የሚያጥበው እንግዳ ነው። ሽታው ራሱ አይስማማኝም።»

«መጋዘኑ መጨረሻ የገቡት መቼ ነው?»

«ሰኞ። አንድ ፎርም ሊያስፈርመኝ ጠርቶኝ። ዓርብ እስከ ማታ ኦፊስ ነበርኩ፤ ብቻዬን።»

«ሸምሱን ይጠረጥራሉ?»

«የምትጠረጥረው እህቴ ናት። እኔ በሰው ነፍስ አልገባም።» ነቢዩ ወደ ውባለም ዘንበል አለ። «ይኸውልሽ እህቴ፣ አደጋ ነው የሚመስለኝ። እንግዳ ንጽሕና ላይ... ማለቴ፣ ያበዛዋል። አንዲት የደረቀች ቅጠል ውሃው ላይ ተንሳፋ ካየ ሳያወጣት አያልፍም። መሰላሉ ላይ ወጣ፣ መረቡን ሰደደ፣ አዳለጠው። በቃ።»

ውባለም የተባለውን ቃል በቃል አስተረጎመች። ወጥተው በሩ ሲዘጋ ግን ከዶሰን ፊት ቆመች።

«ገንዳው ላይ ቅጠል ነበር?»

«አንዱ ፎቶ ላይ ያለ መሰለኝ። ምነው?»

«ለዚህ ሰው ፎቶ አሳይታችሁታል?»

«ለማንም አላሳየንም። ውባለም፣ ይህ የአስተርጓሚ ጥያቄ አይደለም።»

«አይደለም። ክፍሉን አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ልትከሰኝ ከፈለግህ እኔንም ክሰሰኝ።»

ዶሰን የመኪናውን ቁልፍ አወጣ።

አዲስ ዓሣ የሚያርፍበት ክፍል ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። መስኮት የለውም። ግድግዳው ነጭ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ውባለም መጀመሪያ ዕፅዋት ፈለገች፤ በክፍሉም፣ በኮሪደሩም፣ በቢሮውም አንዲት የአበባ ማሰሮ እንኳ የለችም። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ያለው ባዶ ፌስታልና ጎማ ብቻ ነው። መረቦቹ ኮሪደሩ ላይ በሚስማር ተሰቅለዋል፤ አንዱ ሚስማር ባዶ ነው። ክፍሉ ውስጥ፣ ከገንዳው ግርጌ፣ የላስቲክ ጆጎች ተደርድረዋል።

ገንዳው አጠገብ ስትደርስ ቅጠሉን አየችው። የመዳፍ ግማሽ የሚያህል፣ ቀይ ወደ ቡናማ ያዘነበለ፣ ጠርዙ የተበላ የሚመስል፣ እዚህም እዚያም ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት። በጎኑ ተጋድሞ ውሃው ወደወሰደው ይሄዳል። የገንዳው ማጣሪያ የሚገፋው ሞገድ ሲነካው ዞር ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ዝም።

«ያው ቅጠልሽ» አለ ዶሰን።

ውባለም እጆቿን ወደኋላ አጣምራ ቆመች። አምስት ደቂቃ አለፈ። ዶሰን ሰዓቱን አየ። ቅጠሉ ሞገዱ ከሚገፋበት በተቃራኒ በኩል፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ስንዝር ሄደ። ውባለም ጎንበስ ብላ በመስተዋቱ በኩል አየችው። ቅጠሉ ዓይን ነበረው።

ከሰዓት በኋላ ዶሰን ሦስቱንም ወደዚያው ክፍል አመጣ። ሸምሱ እጁ ታስሯል። ሐይማኖት በሩ ሥር ቆማለች፤ ነቢዩ አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኗል። አንድ ፖሊስ ከኋላቸው አለ።

«ጠዋት የእናንተን ቃል ሳመላልስ ነበር» አለች ውባለም። በአማርኛ ትናገርና ለዶሰን በእንግሊዝኛ ትደግማለች። «አሁን የራሴን ልናገር። ከመረቡ እንጀምር። ሸምሱ፣ አዲስ ዓሣ በምን ይያዛል?»

«በጆግ። መረብ ክንፉን ይቀደዋል። ጋሼ መረብ እዚህ ክፍል እንዲገባ አይፈቅዱም።»

«መረቡ ግን ሟች እጅ ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ ሌላ ሰው ከኮሪደሩ አምጥቶ አስይዞታል። ያ ሰው አደጋ ለማስመሰል ፈልጓል፤ እዚህ ክፍል እንዴት እንደሚሠራ ግን አያውቅም። ሸምሱ ቢሆን ጆግ ነበር የሚያስይዘው።»

«ስሚኝ እህቴ» አለ ነቢዩ፣ «ወደ እኔ አታዙሪው። መረቡንም መሰላሉንም የነገረን እሱ ራሱ ነው። ሐይማኖት ምስክር ናት።»

«ልክ ነህ። መረቡን ከሱ ሰምተሃል። ቅጠሉንስ ማን ነገረህ?»

«የቱን ቅጠል?»

«ውሃው ላይ የተንሳፈፈችውን፣ የደረቀችዋን። ቴፑ ላይ አለች።»

«እንደ ምሳሌ ነው ያነሣኋት።»

«መስኮት በሌለው ክፍል፣ አንድ ተክል በሌለበት መጋዘን፣ ሰው ለምሳሌ ቅጠል አያስብም። ትርፍራፊ ምግብ ያስባል፣ አረፋ ያስባል።»

«አለች እኮ ታዲያ» አለ ነቢዩ፣ በሌላ እጁ ወደ ገንዳው እያመለከተ። «ያቻት። ዓይን የለሽም? ለማውጣት ነው የወጣው ማለት ነዋ።»

ውባለም ለዓሦቹ ቀለብ ከተቀመጠ ሳህን ላይ በረዶው የቀለጠ ሽሪምፕ ቆንጥራ ውሃው ላይ ጣለች። ቅጠሉ ባለበት ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ጠርዙ ተነሣ፤ ረጃጅም ክንፎቹን ወደ ላይና ወደ ታች ዘረጋና ቀጥ ብሎ ቆመ። ዋኝቶ መጥቶ ምግቡን ቀለበ። ነቢዩ መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደ።

«ያዘዝከው አንተ ነህ» አለች ውባለም። «ዝርዝሩ ላይ ባትፊሽ ይባላል። ትንሽ ሳለ የሚበላው እንዳይለየው የወደቀ ቅጠል መስሎ ይንሳፈፋል። እንግዳ በገዛ እጁ የለቀቀውን ዓሣ ቆሻሻ ነው ብሎ መሰላል አይወጣም። ሸምሱም ቃሉን ሲሰጥ ስለ ቅጠል አላነሣም፤ ለሱ ይህ ዓሣ ነው። ከሦስታችሁ ቅጠል ብሎ የጠራው አንተ ብቻ ነህ። ዓሣው እስከ አምስት ተኩል ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ነበር። ሰባት ላይ ሸምሱ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከፖሊስ በቀር የገባ የለም። ስለዚህ ውሃው ላይ ያየኸው በዚያ መሐል ነው፤ መብራቱን አብርተህ፣ መረቡን ስታስይዘው። ሰኞ ነው የገባሁት ብለሃል። ሰኞ ይህ ዓሣ ማኒላ ነበር።»

«ምን ሆኜ ነው የእህቴን ባል የምገድለው?» ነቢዩ ወደ እህቱ ዞረ። «ሐይሚ፣ ንገሪያቸው እንጂ።»

ሐይማኖት በሩን ተደግፋ መሬት መሬቱን ታያለች። እንደዚያው ሆና ተናገረች፤ ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

«ዓርብ ምሳ ላይ ነግሮኛል። ‹ዛሬ አመሻሽ ስድስት ሰዓት ላይ ነቢዩን ጠርቼዋለሁ› አለኝ። ላብራቶሪው ዓሦቹ ውስጥ ሳያናይድ አግኝቷል። እዚያ ማኒላ ባሕር የሚጠልቁት ሰዎች ይህን መርዝ ረጭተው፣ አደንዝዘው ነው የሚይዟቸው፤ በኋላ ይሞታሉ። ነቢዩ ያውቅ ነበር፤ እያወቀ ከነሱ ያዝዝ ነበር። እንግዳ፣ ‹ለደንበኛው ሁሉ ስሙን ጠርቼ እናገራለሁ፤ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር አይሠራም› አለ።»

«ሐይሚ» አለ ነቢዩ።

«ለምኜው ነበር፤ ወንድሜ ነው ተወው ብዬ።»

ነቢዩ ፊቱን ከእህቱ አዞረ። «አልገደልኩትም» አለ በእንግሊዝኛ፣ ለዶሰን። «ገፋሁት እንጂ። ሌባ አለኝ፣ ገፋሁት። ከወደቀ በኋላ አልተነሣም።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ዶሰን ራሱ የሸምሱን ካቴና ፈታ፤ ሸምሱ የእጁን አንጓ እያሸ ቆመ። ሐይማኖት ቀረበችው።

«ሸምሱ። ነቢዩ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። እያወቅሁ የአንተን ስም ጠራሁ። ይቅር በለኝ።»

«እትዬ» አለ ሸምሱ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ልጄ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች። እርስዎ የፈረዱት ኤርፖርት የሚቀበላት አባት እንዳይኖር ነው። የእኔ ብቻ ቢሆን ዛሬውኑ ይቅር እል ነበር። የሷን እኔ ይቅር ማለት አልችልም።»

ውጭ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ ነቢዩን የያዘው መኪና ሞተሩን አስነሣ። ሐይማኖት ግን ለማየት አልወጣችም።