ሦስት ጊዜ ዝም ያሰኘው እጅ

ጋሼ የተገኙት በፍሪዘር ክፍሉ ወለል ላይ፣ ጀርባቸውን ለመደርደሪያው ሰጥተው እንደተቀመጡ ነበር። ስሷን ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የክትባት መጋዘኑ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል፤ በዚያ ግቢ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም።

መርማሪዋ የደረሰችው ረፋድ ላይ ነው። ባልደረቦቿ «ደጋሚ» ይሏታል፤ አንዱን ጥያቄ ለሁሉም ሰው ሳትሰለች ትደግማለችና።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ጠበቃት። «አደጋ ነው» አላት፣ ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ። «የበሩ የውስጥ መክፈቻ ተበላሽቶ ነበር። ቴክኒሻኗ ጠግኜዋለሁ ብላ ፈርማለች።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገሩን የሚያከብደው፣ ቴክኒሻኗ የገዛ ልጃቸው መሆኗ ነው።»

ልጅቷ ኮሪደሩ ውስጥ የወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ባለፈው ሳምንት ነው የጠገንኩት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ሦስቴ ሞክሬዋለሁ። ግን በደንብ ጠግኜው ቢሆን አባዬ እዚያ ውስጥ ይቀር ነበር? የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ደጋሚ አላጽናናቻትም። አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ወፍራም ካፖርት ደርባ ፍሪዘር ክፍሉ ገባችና በሩን እንዲዘጉባት አዘዘች። በሩ ሲዘጋ የውጭው ድምፅ በሙሉ ተቆረጠ። የውስጡን መክፈቻ በመዳፏ ገፋችው። በሩ ወዲያው ተከፈተ። ያየችውን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ከበሩ አጠገብ፣ በውጭ በኩል፣ መዳፍ የምታክል መሣሪያ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳታ ሎገር ነው» አለች ልጅቷ ተነስታ። «ሴንሰሩ ውስጥ ነው ያለው። በየደቂቃው ቅዝቃዜውን ይመዘግባል፤ ችግር ሲኖር ይጮሃል፣ ስክሪኑ ላይ ኮድ ያወጣል።»

የኮዶቹን ትርጉም በእጇ ጽፋ ከሥሩ ለጥፋዋለች። ኢ-2፣ ሴንሰሩ ተነቅሏል። ኢ-4፣ ሙቀቱ ከወሰን አልፏል። ኢ-7፣ ባትሪው ወጥቶ ገብቷል። ስክሪኑ ላይ ያለው ኢ-7 ነው።

«አንዴ ኢ-7 ካወጣ፣ እኔ በይለፍ ቁጥሬ እስካላጠፋሁት ድረስ ሌላ ኮድ አያሳይም፤ አይጮህምም። እዚህ ሰዉ ማሽኑ ሲጮህበት ባትሪውን ነቅሎ ይሰካል። እንደዚያ ሲያደርጉት ሁሉን የሚረሳ ይመስላቸዋል። ስንቴ ነገርኳቸው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ።»

«አይረሳም?»

«ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል እንጂ የተመዘገበው አይጠፋም። መመዝገቡንም አያቆምም።»

አስከሬኑን ያገኘው የማቀዝቀዣ መካኒኩ ነው። ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ «ብሎን» ይሉታል።

«ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከፈትኩት» አለ። «የውጭው መቀርቀሪያ አልተዘጋም፤ እጀታውን ብቻ ሳብኩ።»

«ስክሪኑ ምን ይል ነበር?»

«ኢ-7። እሱ ደግሞ መቼ ጤነኛ ሆኖ ያውቃል?»

ዘበኛው ተመሳሳዩን ጥያቄ ሲጠየቁ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ልጄ፣ ከዋናው በር ንቅንቅ አልልም። ትናንት ልጅቱና ብሎን አሥራ አንድ ሳይሞላ በእኔ በኩል ወጡ። ጋሼ ሁሌም ያመሻሉ። አለቃ መኪናውን የሚያወጣው በጓሮ በር ነው፤ ቁልፉም ያለው በሱ ኪስ ነው። መውጣት መግባቱን አላየውም።»

ሥራ አስኪያጁ የመጨረሻው ነበር።

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ዛሬ የመጣሁት ብሎን ደውሎልኝ ነው።»

«ከጋሼ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ጠብ አይባልም። ማክሰኞ መብራት ሲጠፋ ክትባቱ ቀልጧል፣ ይወገድ አሉ። የማሽን ስህተት ነው፣ ፈርመው ለክሊኒኮቹ ይላኩት አልኳቸው። እምቢ አሉ።»

«ስክሪኑንስ? መጨረሻ ሲያዩት ምን ይል ነበር?»

«ኢ-2» አለ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ። «ይኸውልዎት፣ ሴንሰሩ እንኳ በቅጡ አይሠራም። ጋሼ በዚህ ተማምነው ነው እኔን የሞገቱኝ።»

ደጋሚ ማስታወሻዋን አጠፈች።

ስድስት ሰዓት ላይ አራቱንም ፍሪዘሩ ደጃፍ ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ መሣሪያውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታለች።

«በሩ ጤነኛ ነው» አለች ደጋሚ። «በላዬ ላይ አዘግቼ ሞክሬዋለሁ። ስለዚህ ጋሼ ያልወጡት አንድ ሰው ከውጭ ስለቀረቀረባቸው ነው። ያው ሰው ብሎን ከመምጣቱ በፊት መቀርቀሪያውን መልሶ ከፍቶታል።»

ልጅቷ ቀና አለች።

«የትናንቱን አንብቢልኝ።»

«ቀኑን ሙሉ ኮድ የለም። አሥራ አንድ ከሃምሳ ላይ፣ ኢ-2።» ወደ ፍሪዘሩ በር ዞረች። «ሴንሰሩን የነቀለው አባዬ ነው። ሲነቀል እንደሚጮህ ያውቃል።»

«እየተጣሩ ነበር። ቀጥሎስ?»

«ድምፁ በእጅ ጠፍቷል። አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ኢ-2። በእጅ ጠፍቷል። አሥራ ሁለት ከአሥር፣ ኢ-2። በእጅ ጠፍቷል። ከዚያ ኢ-7።»

«የማጥፊያው አዝራር ያለው እዚህ ነው» አለች ደጋሚ ግድግዳውን እየነካች። «ሰውየው እዚህ ቆሞ ይሰማቸዋል። ሦስት ጊዜ ተጣሩ፣ ሦስት ጊዜ ዝም አሰኛቸው። በመጨረሻ እንደ ልማዳችሁ ባትሪውን ነቅሎ ሰካ፤ መዝገቡ የጠፋ መስሎታል። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ የሚያሳየው ኢ-7 ብቻ ነው። ብሎን ያየው ኢ-7፣ እኔም ያየሁት ኢ-7 ነው። ኢ-2 የታየው ትናንት አመሻሽ ላይ ለሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ በዚያን ሰዓት ደግሞ እርስዎ ወጥቻለሁ ብለውኛል።»

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ሌላ ቀን ያየሁት ይሆናላ» አለ።

«ሌላ ቀን የለም» አለች ልጅቷ። «ይህ ሴንሰር ከተተከለ ሁለት ዓመቱ ነው። ከትናንት በፊት ኢ-2 አውጥቶ አያውቅም። ማክሰኞ ያወጣው ኢ-4 ነው።»

ብሎን ከሥራ አስኪያጁ አጠገብ ፈንጠር ብሎ ቆመ። ሰውየው ግድግዳውን ተደገፈ።

«እንዲፈርሙ ብቻ ነበር» አለ። «ትንሽ ሲበርዳቸው እሺ ይላሉ ብዬ ነው። ከዚያ... ከወጡ እንደሚከሱኝ ገባኝ።»

ሲወስዱት ዘበኛው ፊታቸውን አዞሩ። ደጋሚ ልጅቷ ትከሻ ላይ እጇን አሳረፈች።

«በሩን በደንብ ጠግነሽዋል። ጥፋት የለብሽም።»

ልጅቷ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም። «ከኢ-7 በኋላም የተመዘገበ አለ» አለች። «አባዬ ሴንሰሩን ነቅሏል፣ ሰክቷል። ነቅሏል፣ ሰክቷል። አሥራ አራት ጊዜ። መጨረሻ ላይ ወደ ቦታው መልሶታል። ሥራውን ሳያስተካክል አይወጣም ነበር።»

«የሚጮህ መስሏቸው ነው።»

«አዎ። ኢ-7 ሲያወጣ እንዳይጮህ አድርጌ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሠራተኞቹ ጩኸቱ ራሳችንን አዞረው ስላሉኝ። ለአባዬ ልነግረው ነበር፤ ረሳሁት።»

ደጋሚ ማስታወሻዋን ኪሷ ከተተች። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።