ላሚኔት የተደረጉት ኖቶች

ልጅቷ የመጀመሪያውን የውጭ አገር ገንዘብ ኖት በሁለት ጣቷ ይዛ ነቀነቀችው። ድምፅ አልሰጠም። የአዲስ ወረቀት ስስ ኮሽታ ጠፍቶ፣ በእጇ የቀረው እንደ መታወቂያ ካርድ የደረቀ ፕላስቲክ ነበር። ሁለተኛውን አነሣች፤ ሦስተኛውን። ዐሥራ ሁለቱም ታሽገዋል።

አባቷ የፎቶኮፒ ቤት የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ ምስጋና ይጠብቃል።

«ከእንግዲህ አቧራም ላብም አይነካቸውም» አላት። «ውኃ ውስጥ ብትጥያቸው እንኳ ምንም አይሆኑም፣ ሚጣዬ።»

ኖቶቹን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ ያመጣላት መርከበኛው የእናቷ ወንድም ነው። ከየወደቡ ባንክ እሽጉ ገና ሲፈታ ይቀበልና፣ ሳያጥፍ በመጽሐፍ መካከል አድርጎ ያደርስላታል። የሚከበሩትም ከእጅ ወደ እጅ ስላልዞሩ ነበር፤ እርሷ ራሷ ጫፋቸውን ይዛ እንጂ መሐላቸውን ነክታ አታውቅም። አጎቷ ያስጠነቀቃት አንድ ነገር ነው፤ አንዲቱ እንኳ ከተበላሸች ሌላ አያመጣም።

«ማን ንካ አለህ?» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ቀቀልካቸው እኮ፣ አባዬ። በቃ፣ ቀቀልካቸው።»

የአባቷ ፈገግታ ቀስ እያለ ከፊቱ ለቀቀ። አቧራ ፈርታ መስኮት ስታዘጋ ስላያት፣ ምሳውን ትቶ የላሚኔት ማሽኑን በአልኮል እንደ ወለወለ፣ ጠርዙንም በማስመሪያ እየለካ እንደ ቆረጠ አስረዳት። ይህን ያህል መጠንቀቁ ይበልጥ አናደዳት። ቸልተኛ ቢሆን ኖሮ መጮህ ይቀልላት ነበር። ይከፈት እንደ ሆነ ጠየቀችው። አንገቱን ደፋ፤ በሙቀት የተጣበቀ ሙጫ ወረቀቱን ሳይቀድድ እንደማይለቅ በየቀኑ ለደንበኞቹ የሚነግረው እርሱ ነው።

በዚህ መሐል ስልኳ ጠራ። አጎቷ ነበር። እሑድ እንደሚመጣና ዐሥራ ሦስተኛውን ኖት እንደ ያዘላት ነግሯት ሲያበቃ፣ የቀድሞዎቹን ደኅንነት ጠየቃት።

ይህ አጎት ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር አባቷን «የወረቀት ሐኪም» እያለ ቤቱን የሚያስቅ ሰው ነው። አሁን አንድ ቃል ብትነግረው፣ ዕድሜ ልኩን የሚስቅበት ወሬ እንደምታቀብለው ታውቃለች። ልታቀብለው ፈለገች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

አባቷ ራሱ ሊነግረው ስልኩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ትከሻዋን አዞረችበት።

«ላሚኔት ተደርገዋል፣ ጋሼ» አለች።

አጎቷ ማን እንዳደረገው ጠየቃት።

«እኛ ነን።»

ስልኩን ዘግታ፣ አባቷን ቀና ብላ ሳታይ ክፍሏ ገባች።

አጎቷ እሑድ መጣ፤ ዐሥራ ሦስተኛውን ኖት ግን ሳይሰጣት ይዞት ተመለሰ። ልጅቷና አባቷ እስከ ተከታዩ ረቡዕ ድረስ አልተነጋገሩም።