ዳኑብ ላይ የቀረው ጎሚስታ

በቅድሚያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። በሰባ አራት ዓ.ም.፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በአንድ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሰላ ከተማ ውስጥ መብራት አልሄደም ነበር።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር እውነት ነው። መቶ ሰው አይቶታል። ያየም ሁሉ እስከ ዛሬ ሲጠየቅ ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራል።

የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተጋርደዋል። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። መምህር ደመቀ ከውጭ ያመጣውን ፎቶ ሊያሳይ ከማሳያው ማሽን አጠገብ ቆሟል። እጁ ደንዝዟል። ከነሐሴ ወዲህ ሌላው አካሉም እንደዚያው ነው።

በነሐሴ ኮከብ ሠራተኛ ተብለው ከአሰላ ሦስት ሆነው ሄዱ፤ እሱ፣ ነርስ ትርፌና ጎማ ጠጋኙ ይርሳው። በዳኑብ ወንዝ ላይ፣ በመርከብ፣ እስከ ቡዳፔስት።

አንድ ቀን ጠዋት ይርሳውን ከወንዙ አወጡት።

እዚያው ተቀበረ።

የቡድኑ መሪ «ለትምህርት ቀርቷል ነው የሚባለው» አለ። ደመቀና ትርፌ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያልነቀነቀ የት እንደሚገባ ያውቃሉ። ጉብኝቱም አልተሰረዘም።

አሁን የይርሳው እናት እማማ የሺሃረግ ፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው። ወሬ ጠግበዋል፤ የመጡት ልጃቸው በሕይወት መኖሩን በዓይናቸው ሊያዩ ነው።

ደመቀ ከቀብሩ በፊት የተነሱትን ብቻ አሳይቶ ሊያበቃ አስቦ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ግዛቸው ግን፣ እውነቱን እያወቀ፣ ሕዝቡ ሁሉንም ይይ ብሎ አዘዘ።

መጀመሪያ ድልድዩ መጣ። ይርሳው ከድንጋይ አንበሳ ሥር ቆሞ ይስቃል። ያን ቀን አንበሳው ምላስ እንደሌለው አይቶ «ስብሰባ ገብቶ መሆን አለበት» ብሎ ነበር። ደመቀ ይህን ለአዳራሹ አልነገረም።

«ከስቷል» አሉ እማማ የሺሃረግ።

ቀጥሎ ቤተ መንግሥቱ። ይህ ከቀብሩ በኋላ የተነሱት ነው። ደመቀና ትርፌ በር ላይ ቆመዋል። ፀሐዩ ዓይናቸውን አጨንቁሮታል።

ከኋላቸው... ራቅ ብሎ...

ይርሳው።

ደመቀ ትርፌን አያት። ትርፌ ጉልበቷን እያየች ነበር።

ግዛቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኸው ጓድ ይርሳው፤ ከትምህርት መልስ» ብሎ አብራራ።

ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ። ይርሳው ቀርቧል። ባዶ እግሩን ነው።

«ጫማውን ሸጦት ነው» አለ የሥራ ባልደረባው ሁሴኖ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

ቀጥሎ የመርከቡ ወለል...

ይርሳው በደመቀና በትርፌ መሀል ቆሟል። ኮቱ ገላው ላይ ተጣብቋል። ከእጅጌው ውኃ ይወርዳል።

የሚስቅ ጠፋ።

«ልብሱ ለምን ራሰ?» አሉ እማማ የሺሃረግ።

«ዝናብ ነበር፣ እማማ» አለ ደመቀ።

«እናንተ ደርቃችኋል።»

ትርፌ ወደ ደመቀ ጠጋ አለች።

«ቀይረው...»

«አልቀየር አለኝ።»

እማማ የሺሃረግ ተነሡ። ቀስ ብለው ሄደው አንሶላው ፊት ቆሙ። ጥላቸው ፎቶው ላይ ያለውን ደመቀን ሸፈነ፤ ትርፌንም ሸፈነ።

ይርሳውን አልሸፈነውም።

መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። እጃቸውን ሲያነሱ እስከ አንጓቸው ርሶ ነበር። ወደ አዳራሹ ዞሩ። አላለቀሱም።

«ልጄን ማን ገነዘልኝ?» አሉ።

ግዛቸው ጓድ ይርሳው ትምህርት ላይ መሆኑን ሊያስረዳ ጀመረ። ማንም ወደ እሱ አላየም።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች ትርፌ።

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጠላቸውን አውርደው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው መልሰው ለበሱ። ከኋላ አንዲት ሴት የራሷን አዘቀዘቀች። ከዚያ ሌላዋ... ከዚያ ረድፉ ሁሉ። ግዛቸው ትንሽ ቆሞ ቆሞ፣ ቆቡን አወለቀ።

ደመቀ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አንሶላውን አየ።

መሀሉ ባዶ ነው። ይርሳው የቆመበት ጣውላ ብቻ ርሷል።

ግራና ቀኝ፣ ፎቶው ውስጥ ያሉት ደመቀና ትርፌ ፊታቸውን ከካሜራው መልሰው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው፣ ያን እርጥብ ቦታ ያያሉ።