በጨው የተዘጋው ሰንጢ

«ልጄን ይንሳኝ» ብዬ ብምልላችሁ ታምኑኝ ነበር። ግን ከዚያ ነገር ወዲህ በልጄ መማል ትቻለሁ። ስለዚህ እንዲሁ እመኑኝ።

ይሄ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። የሰው ወሬ አይደለም።

ሌሊትም አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ... ጨለማ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን እወቅስ ነበር።

እንጀራዬ ስለት ነው። የልብስ ሰፊዎችን መቀስ፣ የሥጋ ሻጮችን ቢላ እስላለሁ። የምሠራውም ቤቴ ውስጥ፣ ከመኝታ ክፍላችን ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ፣ የመሳያ ድንጋዮች፣ ከራሴ በላይ አንድ መደርደሪያ። በቃ።

ለነፍሴ ስል የምሠራው ግን አሮጌ ሰንጢ ነው። ዝጎ የተጣለውን አነሳና ነጭ ጋዝ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እፈትገዋለሁ፣ ዘይት አጠጣዋለሁ። የሞተ ብረት ሲያበራ ማየት ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ይወጣና ከሰዓት በኋላ ይተኛል። «አንቺ ሴትዮ፣ ለእኔ ያላሳየሽውን ፍቅር ለዝገት!» እያለ ይቀልድብኛል።

አሮጌዎቹን ሰንጢዎች የሚያመጣልኝ ቆራሌው ነው። አንድ ቀን አንዱን ከሌሎቹ ለይቶ ከደረት ኪሱ አወጣ።

«ይሄን ከፈረሰ ቤት ግድግዳ ውስጥ ነው ያወጡት። ተለስኖበት።»

«ሰንጢ ግድግዳ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እኔ የምገዛው ብረት ነው እትዬ፤ ታሪክ አልገዛም።»

ሳቅንና ተቀበልኩት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

እጀታው የቀንድ ነው። ንጹሕ፣ ወዙ እንኳ ያልጠፋ። የዛገው ማጠፊያው ብቻ ነበር... ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚያያዝበት ቦታ።

ይሄ ልክ አልመሰለኝም። ዝገት መርጦ አይበላም።

በመርፌ ስጭረው ነጭ ነገር ረገፈ። ቀመስኩት።

ጨው ነው።

አንድ ሰው ሆን ብሎ ጨው ሞጅሮበታል። እንዳይከፈት።

እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ። ግን እልኸኛ ነኝ፤ አልከፈት ያለኝ ሰንጢ እንቅልፍ ይነሳኛል። ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳደርኩት። በማግስቱ ዘይት አጠጣሁትና ጥፍሬን አስገብቼ ሳብኩ።

ቀጭ!

ተከፈተ። ስለቱ ላይ የዝገት ነጥብ እንኳ አልነበረም። ስዬ፣ ወልውዬ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰንጢ ሲታጠፍ ስለቱ የሚተኛበት ጎድጎድ አለ። መጨረሻ የቆረጠው ነገር ፍርፋሪው እዚያ ይቀራል። የብርቱካን ልጣጭ፣ የገመድ ክር፣ ትምባሆ... የሰው ሰንጢ ስከፍት ባለቤቱ ምን ሲያደርግበት እንደነበር አውቃለሁ። የዚህኛውን ጎድጎድ በስቴኪኒ ጠራርጌ ባዶ አድርጌው ነበር።

በማግስቱ ለባለቤቴ ላሳየው ከፈትኩት።

ጎድጎዱ ውስጥ ቀይ ፍቅፋቂ አለ። የእርሳስ ፍቅፋቂ። ገና አሁን የተቀረጸ፣ እንጨት እንጨት የሚሸት።

«አንተ ነህ የነካኸው?»

«እኔ? ያንቺን ብረት? ምን ቆርጦኝ!» አለና ተመልሶ ተኛ።

ልጄ አንደኛ ክፍል ናት። በርጩማ ላይ ብትቆም እንኳ መደርደሪያው ላይ አትደርስም። ቢሆንም ቦርሳዋን ከፈትኩ። ቀዩ እርሳሷ ተቀርጿል። ያምራል፤ ከእኔ አቀራረጽ ይበልጣል። ግን ሰው እርሳስ ሲቀርጽ ወደ ጫፉ ነው የሚገፋው። ይሄ ከጫፉ ወደ ኋላ ነው የተቀረጸው።

«ሚጡዬ፣ ማን ቀረጸልሽ?»

«ሰውዬው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ቀስ በይ... አባዬን እንዳንቀሰቅሰው ብሏል።»

ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ለምን እንደታዘዝኩ አላውቅም።

«ምን ይመስላል?»

«እንጃ። ሁልጊዜ ከኋላዬ ነው የሚቆመው።»

ከኋላዋ አየሁ። ግድግዳ ብቻ ነው።

«እማዬን አመስግኚልኝ ብሏል።»

«ለምኑ?»

«ስለከፈትሽለት።»

የውጭው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከመጋረጃ ኋላ ፈለግሁ። ማንም የለም። ሰንጢውን የብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሣጥኑን ከፈትኩ። ቁልፉ ከአንገቴ አልወረደም።

ጎድጎዱ ውስጥ ጸጉር ነበር...

ጥቁር፣ ለስላሳ። ጠዋት ልጄን የቀባኋትን ቅባት ይሸታል።

ሮጥኩ። ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሥዕል ትስላለች። በማጅራቷ በኩል አንዱ ጉንጉኗ አጥሯል።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። ትንሽ ብቻ ነው አለ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ነገ ጥፍሬን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ለእማዬ አትንገሪ ብሎኛል።»

ልጄን ከወለሉ አንስቼ አቀፍኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ለቆራሌው ደወልኩ።

«የፈረሰው ቤት የማን ነበር?»

«የአንዲት አሮጊት። በቅርቡ ነው ያረፈችው። ምነው እትዬ፣ ድምፅሽ?»

«ሌላስ ምን ሰማህ?»

«ምን ሌላ አለ... ከልጅነቷ ጀምሮ አካላቷ አልታዘዝ ብሏት የኖረች ናት አሉ። እናቷ በማንኪያ እያጎረሰች ነው ያሳደገቻት። አየሽ፣ ታሪክ አልገዛም ስልሽ ታሪክ ታስለፈልፊኛለሽ!»

ሰማሁት... ግን አልሰማሁትም። ጆሮዬ የያዘው «እናቷ» የሚለውን ብቻ ነው። ያቺ እናት ናት ጨው የሞጀረችበት። ሠርቶላታል። ልጇ እስክታረጅ ኖራለች።

ባለቤቴን ቀስቅሼ ጉንጉኗን አሳየሁት። ቀልዱ ሁሉ ጠፋ።

«ወንዝ ልጣለው» አለኝ በሹክሹክታ።

«ብትጥለውም ክፍት ነው። ያቺ ሴት መጣል አቅቷት ነው ግድግዳ ውስጥ የለሰነችው? ሰውዬውን የያዘው ግድግዳው አይደለም። ዝገቱ ነው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ዝገት ስፍቅ የኖርኩት ሴት ያን ዕለት ዝገት ለመንኩ። ማጠፊያው ላይ ጨው ሞጀርኩ፣ አቼቶ አፈሰስኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት። «ቶሎ በል... ቶሎ በል...» እያልኩ። ጠዋት ስገልጠው ቀልቷል። ለምሳ ሰዓት ጠቁሯል። ባለቤቴ በሁለት እጁ ቢጎትተው ንቅንቅ አላለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጃችንን መሐላችን አስቀምጠን ጠበቅን።

«ዛሬ አልመጣም» አለች። ቅር ያላት መሰለኝ።

ያን ሰሞን ቤታችን ሳቅ በሳቅ ሆነ። ባለቤቴ «ዝገትሽን ዳቦ ልጋግርለት» ይለኛል። እኔም ሥራዬ ላይ ማንጎራጎር ጀመርኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ልጄ ምሳዋን በግራ እጇ ስትበላ አየኋት።

«ቀኝሽ ምን ሆነ?»

«አልከፈት አለኝ።»

ጣቶቿ ተጨብጠው ቀርተዋል። ላላቅቃቸው ሞከርኩ... በሞቀ ውሃ ነከርኳቸው... አልተነቃነቁም። ውሃው ግን ቡናማ ሆነ። እጇን አሸተትኩት።

ብረት ብረት ይላል።

ሐኪም ጋ ወሰድናት። «አጥንቷ ደህና ነው። ልጆች እልህ ሲይዛቸው እንዲህ ያደርጋሉ» አለን።

በማግስቱ ክርኗ ታጥፎ ቀረ። ቀጥሎ አንገቷ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስቀሰቅሳት አፏ በግማሽ ብቻ ተከፈተ።

«እ...ማ...ዬ...»

በጥርሶቿ መሐል ነው የምታወራው። በማንኪያ ውሃ ላጠጣት ስሞክር የቆራሌው ወሬ አሁን ገና ጆሮዬ ገባ። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።

ብከፍተው ሰውዬው... ብዘጋው ልጄ።

ያቺ እናት ዘግታው ኖረች። አልፈርድባትም። እኔ ግን አንጀቴ አልቻለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራዬ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ልጃችንን አቅፎ ከፊቴ ቆመ። ሰንጢውን ሞርሳ ላይ አስሬ ዝገቱን ፋቅሁ። ጨውን በመርፌ ለቀምኩ። አንድ ጠብታ ዘይት... ጠበቅሁ... ሌላ ጠብታ...

ጥፍሬን አስገብቼ ሳብኩ።

ቀጭ!

ድምፁ ከሰንጢው አልመጣም። ከልጄ ጣቶች ነው።

አንድ በአንድ ተዘረጉ። ክርኗ ተፈታ። አንገቷ ቀና አለ። ባለቤቴ «ተመስገን! ተመስገን!» እያለ ጣቶቿን ሳማቸው። እኔም እያለቀስኩ እጄን ዘረጋሁላት።

እሷ ግን እኔን አላየችኝም። ከትከሻዬ በላይ አሻግራ ታያለች።

«እማዬ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ተነሺለት።»

«ለማን?»

«ደክሞታል። ቆሞ ነው የኖረው።»

ባለቤቴ ልጃችንን ደረቱ ላይ ለጠፋት። ወደ ኋላዬ አልዞርኩም... አልቻልኩም። ልጄን ይተውልኝ እንጂ ወንበር ምን ቁም ነገር ነው ብዬ ተነሳሁ።

ወንበሬ ላይ ያለው ስፖንጅ አሮጌ ነው። ስነሳለት ቀስ እያለ ይነፋል፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።

ቆሜ ጠበቅሁት...

አልተነፋም። ይባስ ብሎ ወደ ታች ሰመጠ።