ለሁለት ወንድሞች አንድ ድንጋይ

እኔን በነገር የሚያሸንፍ ገና አልተወለደም። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ አባቴ የመቃብር ድንጋይ የሚጠርብበት ቤት ስገባ፣ ደብተሬን እንጂ ምላሴን አልጣልኩም።

ለወታደሮች መቃብር ድንጋይ የምናቀርበው እኛ ነን። አባቴ ሥራው እንዲፈጥንለት አብዛኛው ላይ መስቀሉን ቀድሞ ይቀርጽና ስሙን በኋላ ያስገባል። ወንድሜ ሲሞትም ከተደረደሩት አንዱን አነሳ። ወንድሜና ጓደኛው ግን ታንክ ውስጥ አብረው ተቃጥለው፣ አጥንታቸው አልለይ ብሎ በአንድ ጉድጓድ ነው የተቀበሩት። ድንጋዩም አንድ ነው፤ ገና አልቆመም ነበር።

አንድ ጠዋት የጓደኛው ታናሽ ወንድም በሩን በርግዶ ገባ።

«ሙስሊም ወንድሜ ላይ መስቀል የቀረጸው ማነው?»

«ታዲያ የኔ ወንድም መስቀሉ ይፋቅበት?»

«ስለ ወንድሜ ነው የጠየቅኩሽ።»

«እኔም ስለ ወንድሜ ነው የመለስኩልህ።»

ተፋጠጥን። ዓይኑ ሲያለቅስ ያደረ ሰው ዓይን ነው። ልሰድበው ያሰብኩትን ተውኩት፤ ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

እንደተኳረፍን ወደ መቃብሩ ኃላፊ ቢሮ ሄድን። ሰውዬው ከፕላኑ ላይ ቀና እንኳ ሳይል፣ «የመስቀል ረድፍ እዚህ፣ የጨረቃ ረድፍ እዚያ። አንዱን ምረጡ» አለ።

«አንመርጥም» አልን፣ እኩል። ከዚያ ተያየን።

«ጨረቃውን ከኋላው እቀርጸዋለሁ» አልኩ።

«ወንድሜ ከኋላ ሊሆን?»

«ጠርዙን ወደ መንገዱ አዙረን እናቆመዋለን። ከላይ የመጣ መስቀሉን ያያል፣ ከታች የመጣ ጨረቃውን።»

ኃላፊው «ፕላኑ ላይ የለም» ሲል ልጁ በሩ ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ። እስኪፈቅድ አልተነሳንም።

እኔ ስቀርጽ እሱ አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ያፈሳል። ብዙ አያወራም። ዝምታው ደስ ባለኝ ቁጥር፣ እንዳይታወቅብኝ መዶሻውን ጠንከር አድርጌ እመታለሁ።

ድንጋዩ የቆመ ዕለት ሁለቱ እናቶች በወዲያና በወዲህ ሆነው አለቀሱ። እሱ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት።

ቤት ስንገባ አባቴ፣ «አንቺ ልጅ፣ ከዚያ ልጅ ጋር ነገርሽ አላማረኝም። ሃይማኖታችሁ ለየቅል ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «በአንድ ጉድጓድ ሲቀበሩ ሃይማኖት የጠየቀ የለም። በአንድ ቤት እንኑር ስንል ነው የምትጠይቁት? ለመሞት ሲሆን አንድ፣ ለመኖር ሲሆን ሁለት? የሱ ዘመዶች ይቆጡ፣ አንተም ከፈለግክ አባረኝ፤ እኔ እንደሆንኩ አገባዋለሁ።»

አባቴ መሮው ላይ ያለውን ብናኝ እፍ አለ።

«ልጁ ጠይቆሻል?»