የተሰነጠቀው መንጠቆ

የመለዋወጫ መጋዘኑ ኃላፊ ሳራንዲስ ከመሰላሉ ሥር በደረቱ ተደፍቶ፣ የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈንክቶ ተገኘ። በግሪክ፣ በኤጌ ባሕር ዳርቻ ያለውን የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ጣቢያ የሚያዝዘው ካሊኒኮስ ግን ከሬሳው ይልቅ ያሳሰበው የነፍስ አድን ትርኢት ሊያይ በማግስቱ የሚመጣው ሚኒስትር ነበር። እንዲህ ያለው ሰው የእናቱ ቀብር ላይም ሰዓቱን ያያል።

«ከመሰላል ወድቆ ነው፣ እመቤቴ» አላት መርማሪዋን ፔላጊያን። «መካኒኩ ስታማቲስም ይመሰክራል።»

«የአይጥ ምስክር ድንቢጥ! በጀርባው ወድቆ ከተፈነከተ በኋላ ተገልብጦ በደረቱ ተኛ ነው የሚሉኝ?»

ጎንበስ ብላ የሟቹን ኪስ ፈተሸች። በሳራንዲስ እጅ የተጻፈ ቀይ ካርድ ወጣ፤ «የማንሻ ገመድ መንጠቆ። ተሰንጥቋል። እንዳይገጠም» ይላል። የተወገዱ ዕቃዎች የሚቆለፉበት ሣጥን ግን ተከፍቷል፤ መንጠቆው የለም። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መፍቻዎች አንድ በአንድ አሸተተች። ካሊኒኮስ ሳቀ፤ ያልገባውን ሁሉ በሳቅ የሚያልፍ ሰው ነው።

የመጋዘኑ ቁልፍ ከሟቹ ሌላ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር፦ በአዛዡ፣ በስታማቲስና በገመድ ወርዳ ሰው ከባሕር በምታወጣው በፎቲኒ።

«ከሳራንዲስ ጋር ትጣሉ ነበር?» አለቻት ፎቲኒን።

«በየቀኑ! አዲሱ መንጠቆ መቼ ነው የሚመጣው እያልኩ እጨቀጭቀዋለሁ። እሱም ‹እስኪመጣ መሬት ላይ ተቀመጪ፤ ቀብርሽ ላይ አልቆምም› ይለኛል።» እንባዋ አመለጣት።

ስታማቲስ ተጠራ።

«ሄሊኮፕተሩ ነገ ይነሣል?»

«ይነሣል።»

«አዲስ መንጠቆ ሳይመጣ?»

ስታማቲስ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። እጁ ንጹሕ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ፔላጊያ ሦስቱንም ሄሊኮፕተሩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ባሕሩ አፍንጫችን ሥር ነው» አለች። «ገዳዩ የመታበትን መፍቻ ቢወረውረው ማን ያገኘው ነበር? እሱ ግን በቤንዚን አጥቦ ቦታው መለሰው። ሌሎቹ ዘይት ዘይት ሲሉ ያ አንዱ ቤንዚን ይሸታል። አንድ መፍቻ ከጎደለ ሞተር ውስጥ ተረስቶ ይሆናል ተብሎ ሄሊኮፕተሩ አይነሣም። ሰው ገድሎም ይህን የማይረሳ መካኒክ ብቻ ነው። አዛዡማ ኮታቸውን እንኳ ሰው ነው የሚሰቅልላቸው። ፎቲኒም ሕይወቷን የሚጠብቅላትን ሰው አትገድልም። ቀይ ካርድ የወጣለት መንጠቆም ይኸው፣ ቀለም ተቀብቶ ተገጥሟል።»

«ወሬ ነው!» አለ ስታማቲስ። «መንጠቆው ደህና ነው!»

«ደህና ከሆነማ ና፣ ተንጠልጠልበት። ሄሊኮፕተሩ ሃያ ሜትር ያንሣህ።»

ስታማቲስ መንጠቆውን አየው። ከዚያ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ለነገ ብቻ ነው ብዬ ለመንኩት» አለ። «እምቢ አለኝ። ስልክ ሊደውል ጀርባውን ሲሰጠኝ…» ወደ አዛዡ ዞረ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ ‹እንደምንም ብለህ አስነሣው› ያሉኝ?»

«‹እንደምንም› ማለት ሰው ግደል ማለት ነው?» ብሎ ካሊኒኮስ ጮኸ።

ፎቲኒ የመንጠልጠያ ቀበቶዋን ፈትታ አዛዡ እግር ሥር ጣለችው።

«አዎ ጌታዬ» አለችው። «ሳራንዲስ ባይቀድመኝ፣ ነገ ተራው የኔ ነበር።»